ቀባሪ በጠፋበት ቀን
(ክርስቲያኖች በመከራ ጊዜ ምን እንዳደረጉ ከታሪክ የተወሰደ)



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የሒሳቡ ሪፖርትና በዓመቱ ውስጥ የተለዩን አባላት ስም ከወጣ በኋላ፣ ከእኛው ከአባላቱ የተጻፈ አንዳንድ ነገር ማውጣት የቆየ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ እኔም የበኩሌን እንድጽፍ ስለ ተጠየቅሁ፣ ብዙ ጊዜ በልቤ ሲመላለስ የኖረውን አንድ ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጉዳዩም ይህ ነው፤ መከራ ሲመጣ ክርስቲያን ምን ማድረግ ይገባዋል? ከመከራውስ በኋላ እምነቱ የሚያድገው ወይም የሚደክመው በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄውን ያነሣሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሴ ደጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮሮና አገራችን ገባ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መሰብሰብ ተከለከለ፤ ድንኳን መትከል ቀረ፤ የዕድራችን ወንበርና ሰሐን መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት። በዚያን ሰሞን አንድ ጎረቤታችን አረፈ። በሽታው ኮሮና ይሁን ሌላ እንኳ በውል አልታወቀም። አስከሬኑ ሲወጣ እኔ በግቢዬ በር ቀዳዳ ቆሜ አየሁ፤ አልወጣሁም። ካልወጣሁ ደግሞ ስልክ መደወል እችል ነበር፤ እሱንም ሳላደርግ ቀረሁ። ከሳምንታት በኋላ ባለቤቱን መንገድ ላይ ሳገኛት «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ» አለችኝ እንጂ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተነፈሰችም። ያቺ ሰላምታ ግን እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

እንግዲህ «ከእኛ በፊት የነበሩት እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣባቸው ምን አደረጉ?» ብዬ ታሪክ ማገላበጥ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ያገኘሁትን በአጭሩ አካፍላችኋለሁ።

የሸሹት ሁለት አባቶች

የመጀመሪያው ታሪክ የሚያደርሰን እስክንድርያ ነው። እንደሚታወቀው ቤተ ክርስቲያናችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ይመጣላት የነበረው ከእስክንድርያ ነበር። ስለዚህ የእስክንድርያ ታሪክ ለእኛ የባዕድ ታሪክ አይደለም።

በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የእስክንድርያ 14ኛ ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ249 ዴክዮስ የሮም ንጉሠ ነገሥት ሆነና በማግሥቱ ዓመት በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ አዘዘ። እንቢ ያለ ይታሰራል፤ ይሠቃያል፤ ይገደላል። ብዙዎች በሰማዕትነት አለፉ፤ ብዙዎችም ፈርተው ሠዉ። ይህን መደበቅ አይገባም፤ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎችም አልደበቁትም።

ዲዮናስዮስስ ምን አደረጉ? ወታደር ሲፈልጋቸው አራት ቀን ቤታቸው ከቆዩ በኋላ ከተማውን ለቀው ወጡ። በመንገድ ተያዙ። ነገሩ የተፈታው እንዴት መሰላችሁ? አንድ ገበሬ ሠርግ ሲሄድ ወሬውን ሰማና ለሠርገኞቹ ነገራቸው። ሠርገኛው ሁሉ ከማዕድ ተነሥቶ እየጮኸ መጣ፤ ጠባቂዎቹም ሸሹ። ሊቀ ጳጳሱ ሽፍቶች የመጡባቸው መስሏቸው ልብሳቸውን ሊሰጡ ቃጡ። ሰዎቹ ግን እጅና እግራቸውን ይዘው አወጧቸውና ኮርቻ በሌለው አህያ ላይ ጭነው ወሰዷቸው። ይህን ታሪክ የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ አቆይቶልናል። ቆይቶም «ሸሽተዋል» ተብለው በአንድ ጳጳስ ተከሰዋል።

በዚያው ዘመን በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ በምትገኘው በካርታጎ ቆጵርያኖስ የተባሉ ጳጳስ ነበሩ። እሳቸውም በዴክዮስ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ተሸሽገው መንጋቸውን በደብዳቤ ይመሩ ነበር። የሮም ካህናት በዚህ ምክንያት በነገር ወጋ አድርገዋቸዋል።

ስለዚህ ሁለቱም ታላላቅ አባቶች በመጀመሪያው ፈተና በራቸውን ዘግተው ወይም ከተማ ለቀው አሳልፈዋል። ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እፎይ አልሁ። ታሪካቸው ግን በዚያ አላበቃም።

ወረርሽኙ ሲመጣ

በዚያው ጊዜ ገደማ ከባድ ወረርሽኝ የሮምን ግዛት መታ። ተቅማጥና ትውከት፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ያመጣ ነበር። የታሪክ ሰዎች የቆጵርያኖስ ወረርሽኝ ይሉታል፤ ምልክቱን በዝርዝር የጻፉት እሳቸው ስለ ሆኑ ነው።

ካርታጎ እ.ኤ.አ. በ252 ገደማ ክፉኛ ተመታች። ሰው የገዛ ዘመዱን ወደ መንገድ ያወጣ ጀመር። «ይህ መቅሠፍት የመጣው ክርስቲያኖች አማልክትን ስላላከበሩ ነው» የሚል ወሬም ተነዛ። ከክርስቲያኖቹም ወገን የተደናገጡ ነበሩ፤ «እኛንም እንደ አረማውያኑ ይገድለናል እንዴ? ታዲያ ማመናችን ምን ጠቀመን?» አሉ። የቆጵርያኖስ መልስ ግልጽ ነበር። እምነት ሥጋችንን ከሌላው ሰው ሥጋ አይለየውም፤ ድርቁም፣ ጦርነቱም፣ በሽታውም የጋራ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው መከራውን በምንቀበልበት መንገድ ነው ብለው አስተማሩ።

ቃል ብቻ አልነበረም። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው ዲያቆናቸው ጶንጥዮስ እንደሚለው፣ ሕዝቡን ሰብስበው ለወገን ብቻ ደግ መሆን ቁም ነገር እንዳልሆነ፣ ቀራጭም ቢሆን ይህን እንደሚያደርግ ነገሯቸው። ላሳደዷቸው ሰዎች ጭምር እንዲደርሱ አዘዙ። ከዚያም ሥራውን ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ አከፋፈሉ፤ ገንዘብ ያለው ገንዘብ አወጣ፣ ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ሰጠ። የድሆቹ ጉልበት ከባለጸጎቹ ገንዘብ በልጦ ተገኘ ይላል ጶንጥዮስ።

አባሎቻችን ሆይ፣ ይህ አሠራር ምን ይመስላችኋል? እኔ ሳነበው የዕድር ደንብ የማነብ መስሎኝ ነበር።

በእስክንድርያም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዲሁ ሆነ። ዲዮናስዮስ በንጉሥ ዋሌርያኖስ ዘመን ወደ ሊቢያ በረሃ ወገን ተግዘው ነበር፤ ከግዞት ሲመለሱ ከተማዋ በእርስ በርስ ጦርነት ታምሳ አገኟት፤ በላዩ ላይ ወረርሽኙ መጣ። ለትንሣኤ በዓል በላኩት ደብዳቤ እንደ ገለጹት፣ ከምእመናኑ የሚበዙት ለራሳቸው ሳይሳሱ በሽተኛ አስታመሙ፤ የሟቹን ዓይንና አፍ በእጃቸው ከደኑ፤ አጥበው ገነዙ፤ በትከሻቸው ተሸክመው ቀበሩ። ጥቂት ቆይተውም ራሳቸው በዚያው በሽታ ሞቱ፤ ሌሎች ደግሞ ተነሥተው እነሱን ቀበሩ። ካህናትና ዲያቆናት፣ ከሕዝቡም የተመሰገኑት በዚህ ሁኔታ አለፉ። ዲዮናስዮስ ይህንን አሟሟት ከሰማዕትነት አላሳነሱትም።

አንድ ነገር ልብ እንበል። «የሚበዙት» አሉ እንጂ «ሁሉም» አላሉም። በር የዘጋ እንደ ነበረ ያውቃሉ፤ ማን እንደ ሆነ ግን በደብዳቤው አልቆጠሩም። ራሳቸውም አንድ ቀን ሸሽተው ነበርና ይመስለኛል።

ማስታመሙስ ጥቅም ነበረው ወይ? አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮድኒ ስታርክ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ስለ ክርስትና መስፋፋት በሚናገር መጽሐፉ አንድ ቁም ነገር ያነሣል። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ውሃና ምግብ እያቀረቡ ማስታመም ብቻ ብዙ ነፍስ ያድናል ይላል። ክርስቲያኑ በአማልክት ሲያምን የኖረውን ጎረቤቱን ሲያስታምም ጎረቤቱ ይድናል፤ ሲድን ደግሞ ማን እንዳስታመመው አይረሳም።

ቆጵርያኖስ በኋላ ምን ሆኑ? እ.ኤ.አ. በ258 መስከረም 14 ቀን አንገታቸውን ተቆርጠው ሰማዕት ሆኑ። በዚያን ጊዜ አልሸሹም። በ250 የተሸሸገውና በ258 አንገቱን የሰጠው አንድ ሰው ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ምን ሞላቸው ቢባል፣ በሽተኛ ማስታመምና ሙታን መቅበር ነው። እንግዲህ እምነት የሚያድገው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ ትንንሽ በሆነ ሥራ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የእኛም አገር ክፉ ቀን አሳልፏል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ዘመን ስሙ ራሱ «ክፉ ቀን» ነው። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት ከሞላ ጎደል ፈጀው። ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደ ሆነ እንጃ እንጂ፣ ደስታ የሚለውን ቃል እንዲህ ያስጠላ በሽታ የለም። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ዝናቡም ጎደለ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው አለቀ የሚል ግምት አለ። አፄ ምኒልክ ጎተራ ከማስከፈታቸውም በላይ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት መቆፈራቸው ተጽፏል። በሬ የሌለው ሰው በእጅ መቆፈርን ነውር አድርጎ እንዳያየው ነው። ያ የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ፈጽሞ ጠፋ ተብሎ ታውጇል፤ ይህም ጸሎትና ሕክምና እንደማይጣሉ ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ልክ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኅዳር 2 ቀን ባበቃበት ሰሞን፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን አጥለቀለቃት። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ነበሩ፤ አልጋ ወራሹም ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር ነበር። የበሽታው ተሕዋስ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ ስለዚህ የሚፈጃቸው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድም ሰው አልነበረም። በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ቀባሪ ጠፋ። በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሰው ተቀበረ፤ የሚቀብረው አጥቶ ለጅብ የቀረም ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ሰብስበን «ኅዳር ሲታጠን» እያልን የምናጨሰው ከዚያ ቀን የቀረ መታሰቢያ ነው።

ነፍሷን ይማርና ሴት አያቴ ያን ጊዜ ልጃገረድ ነበረች። ደጋግማ የምትነግረን አንድ ነገር ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቶ እሳት የሚያነድ እንኳ ጠፍቶ ሳለ፣ አንዲት ጎረቤት እሷም ገና ከአልጋ በተነሣች በሦስተኛው ቀን ግድግዳ እየደገፈች በየቤቱ አጥሚት ታዞር ነበር። ደጅ ላይ አስቀምጣ፣ «ነፍስ ያለው ይውሰድ!» ብላ ጮኻ ትሄዳለች። አያቴ ስለ ኅዳር በሽታ ስትጠየቅ የሬሳውን ብዛት አታነሣም ነበር፤ የምታነሣው አጥሚቱን ነው። «እኔ እግዜር መኖሩን ያወቅሁት በዚያ አጥሚት ነው» ትል ነበር። በልጅነቴ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ለምን መጣብን?

መከራ ሲመጣ ሁላችንም «ለምን?» እንላለን። በለቅሶ ቤትም ብዙ መልስ እንሰማለን፤ «ኃጢአት ነው»፣ «ቁጣ ነው»፣ «ዕድሉ ነው» ይባላል። እዚህ ላይ የኢዮብን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ሦስቱ ወዳጆቹ መከራውን ሰምተው ሲመጡ ልብሳቸውን ቀደዱ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። እስከዚህ ድረስ መልካም ለቀስተኞች ነበሩ። የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መዘርዘር ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የገሠጸው እነዚያን ምክንያት ዐዋቂዎች ነው፤ ኢዮብ ደግሞ ጸለየላቸው።

ጌታችንም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ስለ ሆኑ አይደለም ብሎ አስተምሯል። በአልዓዛር መቃብር ዘንድ ደግሞ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ስለዚህ ማልቀስ የእምነት ጉድለት አይደለም። ለቀስተኛን «አታልቅስ፣ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?» የምንል ሰዎች እናስብበት።

ጦቢትንም እንጨምር። በነነዌ በምርኮ አገር ሳለ የወገኖቹን ሬሳ እየሰረቀ ይቀብር ነበር። በዚህ ምክንያት ንብረቱን አጣ፤ ዳግመኛም ቀብሮ በተመለሰበት ሌሊት ዓይኑ ታወረ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት፤ «ይኸው የጽድቅህ ዋጋ» ዓይነት ነገር ተባለ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ልጁን የመከረው ያንኑ ነው፤ ሰው እንዲቀብር፣ ከእንጀራው እንዲያካፍል። ደግ የሠራ ሰው መከራ አያገኘውም ብሎ ያስተማረ መጽሐፍ የለንም። መከራ አገኘኝ ብለህ ደግነትህን አትተው የሚል ግን አለን።

መከራ በራሱ ሰውን ደግ አያደርግም። በክፉ ቀን ልቡ የደነደነ፣ እህል ሸሽጎ የጎረቤቱን ሬሳ ያየ ብዙ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም ፈተናን፣ ፈተናም ተስፋን ያመጣል ማለቱ ደረጃ በደረጃ ነው፤ በመካከል ሰው የሚሠራው ሥራ አለ። ከላይ ያየናቸው ሁሉ ያደጉት ያን ሥራ ስለ ሠሩ ነው። ዕድሩ የጋራችን ስለ ሆነ፣ ይህን የሚያነቡ የእስልምና ተከታይ ወንድሞቼና እኅቶቼም ይህን እንደማይቃወሙ ዐውቃለሁ፤ ጀናዛ ሲወጣ ለማያውቁት ሰው እንኳ ትከሻቸውን ሲያቀብሉ በዓይናችን አይተናል።

ታዲያ እኛስ?

ዕድር በከተማችን እየተስፋፋ የመጣው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ነው። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣው ሰው ዘመዱ ሩቅ ስለ ነበር፣ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለውን ፍርሃት ጎረቤቶች ተማምለው የመለሱበት መንገድ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ወጣቱን ሲቀጥፈው ደግሞ ብዙ ዕድሮች አንድ ነገር ተማሩ። የቀብር ጥሩምባ በየቀኑ ሲነፋ፣ «ሲሞት ከምናዋጣ በቁሙ ብናስታምመው ምን አለ?» አሉ። አንዳንዶቹ ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ያም እምነት ሲያድግ የታየበት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን በሽተኛውን ያገለልን፣ ዕቃውን የለየን እኛው ነበርን።

በኮሮና ጊዜ መጠንቀቃችን ስሕተት ነበር አልልም። ባልንጀራን ላለመበከል መራቅም ፍቅር ሊሆን ይችላል። የእኔ ጥፋት ከሬሳው መራቄ አይደለም፤ ከሐዘንተኛዋም መራቄ ነው። የአያቴ ጎረቤት አጥሚቱን ደጅ ላይ አስቀምጣ ጮኻ ትሄድ እንደ ነበር አስቡት። ርቀትም ጠበቀች፤ ሰውም አበላች። የእኔ ስልክ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

በዚህ ምክንያት ለጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየመንደሩ ሁለት ሁለት አባላት ተመርጠው ታሞ የተኛ፣ ወይም ብቻውን የሚኖር ሽማግሌና አሮጊት መኖሩን በየሳምንቱ ይጠይቁ፤ የስልክ ቁጥራቸውም ለሁሉም ይሰጥ። ይህ ገንዘብ አይፈልግም። ሁለተኛ፣ መሰብሰብ የሚከለከልበት ቀን ዳግመኛ ቢመጣ ሐዘንተኛው ቤት ንፍሮውም እንጀራውም በደጅ የሚደርስበት፣ ስልክም በተራ የሚደወልበት ደንብ ከአሁኑ ይጻፍ። ክፉ ቀን ከመጣ በኋላ ደንብ አይረቀቅም። ከተመረጡት መካከል አንዱ እኔ እንድሆን እጠይቃለሁ።

ያችን ሴት ባለፈው የጾም ወራት ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከስንት ዓመት በኋላ ለቅሶ ደረስሁ ማለት ነው። ቡና አፈላች። «ጋሼ፣ ለቅሶ ጊዜ የለውም» አለችኝ፤ ከዚያም ስለ ባለቤቷ ብዙ ነገር አወራችኝ፤ እሱን ለሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ የማላውቀውን ያህል በዚያ ከሰዓት ዐወቅሁት።

በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ሁሉ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን፤ ለቀረነው ደግሞ የሚጠያየቅ ጉልበት ይስጠን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዕድሩ አባል